እሳት የማይበላው እንጨትና የኋላው በር

ትናንት ረፋድ ላይ ባለሕንፃችን ተከራዮቹን በሙሉ ሁለተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ሰበሰበን። እኔ እዚሁ ጎፋ፣ እሱ ሕንፃ ላይ ልብስ ስፌት አለችኝ... ከወለል እስከ ጣሪያ ጨርቅና ጥጥ ናት። ሰውየው በቅርቡ ግድግዳውንም ደረጃውንም እንጨት አለበሰው። ሰው ሁሉ «ሲያምር!» ይላል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

«እሳት የማይበላው እንጨት ነው» አለና ከኪሱ ቁራጭ አውጥቶ በላይተር ለኮሰው። አልነደደም። ተጨበጨበለት።

እኔ አላጨበጨብኩም። ለማሳያ ተመርጦ የመጣ ነገር መቼ ነዶ ያውቃል?

«የኪስህን ተወው። ከደረጃው የተረፈውን፣ ያንን ወፍራሙን አምጣ። እሳቱም ቡታ ጋዝ ይሁን» አልኩት።

«እትዬ ዘነቡ፣ እርስዎ መቼም ገነትንም ሳይፈትሹ አይገቡም!»

«ባለቤቱ አንተ ከሆንክማ እፈትሻለሁ።»

ከታች ካለው ካፌ ቡታ ጋዝ መጣና ወፍራሙ እንጨት ደረጃው አፍ ላይ ተለኮሰ። የእንጨቱ ላይ ላዩ ከሰለ... እሳቱን ሲያነሱለት ግን ራሱ ጠፋ። በሚስማር ብፍቀው ውስጡ ነጭ ነው። እውነቱን ኖሯል! ይባስ አናደደኝ።

ግን ጭሱ... መስኮት የለ፣ ኮሪደሩ ታፈነ። ጎረቤቴ፣ ፀጉር ሠሪዋ ሳምሪ፣ እያሳለች «እማማ፣ በየት እንውጣ?» አለችኝ።

ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ነው። ግድግዳ ላይ የተጻፈ ነገር ሳላነብ አላልፍም። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ «የአደጋ ጊዜ መውጫ» እንደሚል አውቃለሁ። እጇን ይዤ ሮጥኩ።

በሩ ላይ ቡጢ የሚያህል ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል።

«ይሄ ምንድን ነው?» ብዬ ጮህኩ።

«ለሌባ ነው፣ እትዬ... ለእናንተው ንብረት ብዬ።»

«ቁልፉስ?»

«ዘበኛው ጋ።»

«ዘበኛውስ?»

ባለሕንፃው አንገቱን ደፋ። «ዛሬ አሥራ ዘጠኝ አይደል... ብስራተ ገብርኤል ሊሳለም ሄዷል።»

አፍንጫችንን በነጠላዬ ይዘን በዚያው በጭሱ መሃል ወረድን። ከኋላዬ አንዱ «እንጨቱ ግን ጎበዝ ነው» ሲል ሰማሁት።

ሦስቱን ልጆች ከእቶን እሳት ያወጣ ገብርኤል እኛንም ያወጣን ይሆናል... ቁልፋችንም ያለው እሱው ደጅ ነው።