አልጠቁር ያለችው ጠርሙስ

እየሩስ መቀመጥ አልሆነላትም። መተማ ተወልዳ ያደገች፣ ኑሮ ገፍቷት ሱዳን ውስጥ ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ የገባች፣ በካምፑ ትምህርት ቤት የልጆቹን የመጠጥ ውሃ የምትመረምር ሴት ናት። ጧት ከቧንቧው የቀዳችውን ውሃ በመመርመሪያዋ ጠርሙስ ሞልታ መስኮት ላይ አስቀምጣለች፤ ውሃው ከቆሸሸ እስከ ማግስቱ ይጠቁራል። ማሞቂያ አያስፈልገው፤ የገዳሪፍ ሐሩር እያለ ምን ማሞቂያ! እሷ ግን ትወጣለች፣ ትገባለች፣ አንስታ ታያለች።

ምኞቷ ጠርሙሷ እንድትጠቁር ነበር። ጉድ በሉ! ውሃ መርማሪ ውሃ እንዲበላሽ ስትመኝ ማን አይቷል? ግን ምን ታድርግ፤ ኸሪፉ፣ የሱዳኑ ክረምት፣ ከገባ ጀምሮ የልጇ የኮከብ ሆድ አልቆም ብሎ፣ ልጅቷ አጥንቷ ቀርቷል። ሐኪሙ «ከምትጠጣው ውሃ ነው» አላት። የቤቱንማ አፍልታ ነው የምታጠጣት። እንግዲያ ከምትማርበት ከትምህርት ቤቱ ሌላ ከየት ይመጣል?

የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ያዘቻቸው፤ ከትግራይ የተሰደዱትን ሽማግሌ፣ አባባ ኪዳነማርያምን።

«የቧንቧውን ውሃ ታንከር መቼ አጠቡት? እውነቱን ይንገሩኝ!»

«ትናንት አጥቤ አሳየሁሽ እኮ፣ ልጄ።»

«ልጄ አይበሉኝ! ልጄ እየሞተችብኝ ነው!»

በተማሪው ሁሉ ፊት ጮኸችባቸው። ሽማግሌው መጥረጊያቸውን አንስተው ታንከሩን እንደገና ሊያጥቡ ወጡ።

በማግስቱ ጠርሙሷ እንደ በፊቶቹ ሁሉ ኩልል እንዳለች ነበረች።

እየሩስ እየተብሰለሰለች የኮከብን የጧት ጠበል ቀዳች። ጠበሉን የአጎቷ ልጅ ያረጋል ነው ከቋራ በሰሊጥ መኪና ጭኖ ያመጣላት። ሌላውን ሁሉ ታፈላለች፤ ጠበል ግን ይፈላል እንዴ! ኩባያውን ልታቀብል ስትል ዓይኗ ጀሪካኑ ላይ አረፈ። አፉ በአሮጌ ጨርቅ ነው የተወተፈው። እጇ ቀጥ አለ።

«ይቅር በለኝ፣ ጌታዬ» ብላ አማተበች። ጠበል መመርመር! ኩባያውን ከልጇ ነጥቃ፣ ወደ ሌላ የመመርመሪያ ጠርሙስ አንቆረቆረች። ቀኑን ሙሉ ስትቅበዘበዝ ዋለች። አሁን ጸሎቷ ተገልብጧል፦ አትጥቆሪ፣ በእናትሽ አትጥቆሪ።

ሲነጋ ጠርሙሷ ከሰል መስላለች።

«በእጄ! በገዛ እጄ!» ደረቷን ደቃች።

«ቤቶች!» አለ አንድ ድምፅ። አባባ ኪዳነማርያም ባዶ ጣሳ ይዘው በር ላይ ቆመዋል።

«የሰሞኑን ነገር ትቼዋለሁ፤ የልጅ ሕመም ያሳብዳል። የልጅ ልጄን ናጽነትን ሆዷን አሟታል። ከዚያ ጠበልሽ ጥቂት ብትሰጪኝ ብዬ ነው።»

ጠርሙሷን ከኋላዋ ደበቀች። «አልቋል» ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አውጥታ አሳየቻቸው።

«የእርስዎ ውሃ ንጹሕ ነው፣ አባባ። የቆሸሸው የኔ ጀሪካን ነው። እኔ ነኝ ልጄን...»

ሽማግሌው ጠርሙሷን አዩ፤ መደቡ ላይ የተኛችውን ኮከብንም አዩ።

«በይ፣ ጀሪካኑን ወዲያ አስቀምጪው» አሉ ጣሳቸውን እያነሱ። «ለኮከብ ከቧንቧው ቀድቼላት ልምጣ።»