ትራምፔት ይዞ መቱ በነሐሴ

በነሐሴ ወር ኢሉባቦር ውስጥ፣ ያውም ሜዳ ላይ፣ ሙዚቃ ለማቅረብ የሚስማማ ባንድ ጤነኛ አይመስልም። እኛ ተስማማን። የጋበዙን የአንድ የመቱ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች ናቸው። ለቤተ መጻሕፍቱ መጻሕፍት ማሰባሰቢያ ዝግጅት ነበር፤ በየአገሩ የተበተኑት ልጆች እረፍት የሚያገኙት በነሐሴ ብቻ ነው አሉን። አሥራ አራት ሆነን ሄድን፤ አምስት ሳክስፎን፣ ሦስት ትራምፔት፣ ሁለት ትሮምቦን፣ ኪቦርድ፣ ቤዝ ጊታር፣ ድራም፣ እና መሪያችን ኤልያስ። እኔ ሁለተኛ ትራምፔት ነኝ።

አንደኛው ጋሼ ወልዴ ናቸው። ትራምፔት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ትውልዳቸው ጎሬ፣ ከመቱ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ባለፈው ዓመት የፊት ጥርሶቻቸውን አስነቅለው ሰው ሠራሽ አስገብተዋል። ትራምፔት የሚነፋ ሰው ጥርሱ ሲቀየር ከንፈሩ የሚያርፍበትን ያጣል፤ ረጅሙና ከፍተኛው ድምፅ እየከዳቸው ነበር። ለጉዞው ልምምድ ስንጀምር ኤልያስ ለብቻዬ ጠርቶኝ፣ «ከፍ የሚለው ቦታ ላይ አንቺም ከሥር ከሥር ንፊው። እሳቸው እንዳያውቁ» አለኝ። እሺ አልኩ። እንዲህ ማድረግ ለእሳቸው ማዘን መሰለኝ።

ሐሙስ፣ እስከ ጅማ

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሳን። አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ድራሙና ድምፅ ማጉያዎቹ በሸራ ተጠቅልለው ታስረዋል፤ የትንፋሽ መሣሪያ ግን ማንም ጣሪያ ላይ አይሰጥም፣ ሁሉም እንደ ሕፃን ታቅፎ ነው የተቀመጠው። ወልቂጤ ቁርስ በላን። ጊቤ በረሃ ስንወርድ ካፖርታችንን አወለቅን፣ ስንወጣ መልሰን ለበስን።

ጋሼ ወልዴ ከጎኔ በመስኮቱ በኩል ነበሩ። ሰኮሩን እንዳለፍን ወደ እኔ ዞሩ።

«እህቴ ጎሬ አለች» አሉኝ ድንገት። «እትዬ የሺ። ስነፋ ሰምታኝ አታውቅም።»

«አንድም ቀን?»

«አንድም ቀን። አባታችን የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ። ባንድ ልገባ ነው ስላቸው፣ ‹ከቤቴ አዝማሪ አይወጣም› አሉ። እሷም የአባቷ ልጅ ናት። ለቅሶና ሠርግ ላይ እንገናኛለን፤ ስለ ሥራዬ ግን ጠይቃኝ አታውቅም።» ቀጥለውም፣ «ቅዳሜ ልጠራት ነው። ከዚህ በኋላ ብዙም አልነፋም» አሉ።

የኤልያስ ትእዛዝ ትዝ አለኝ። ጅማ እስክንገባ የተኛሁ መሰልኩ።

ዓርብ፣ ከጅማ መቱ

አጋሮን አልፈን በደሌ ምሳ በላን፤ ዝናቡ ከዚያ ነው የተቀበለን። ያዩ ሳንደርስ የመንገዱ ዳር ተንዶ ቀይ አፈር አስፋልቱ ላይ ተዘርግፏል። መኪናው ሁሉ ቆመ። ሁለት ሰዓት ያህል አፈሩ እስኪጠረግ ስንጠብቅ፣ ሴቶች በላስቲክ ተጠልለው እሸት በቆሎ እየጠበሱ ይሸጡ ነበር፤ አንዱ በሃያ ብር። ትሮምቦን ከሚነፉት አንዱ አራት በላ። ጋሼ ወልዴ አንዱን ይዘው በጥፍራቸው እየፈለፈሉ አንድ አንድ ፍሬ ወደ አፋቸው ሲያደርጉ አየሁና ፊቴን አዞርኩ።

ከያዩ በኋላ መንገዱ ጫካ ውስጥ ይገባል። ትልልቆቹ ዛፎች ከላይ፣ ቡናው ከሥራቸው፣ ጉሙ ደግሞ በመካከል። ሹፌሩ በቀን መብራት አብርቶ ነዳ። ሁሩሙን አልፈን መቱ ስንገባ ሊመሽ ትንሽ ቀርቶት ነበር።

የተቀበሉን ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ጡረተኛ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። «ባጋ ነጋን ዹፍተን» ብለው የእያንዳንዳችንን እጅ በሁለት እጃቸው ጨበጡ፤ ወዲያው ወደ አማርኛ ተመልሰው፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ፣ መንገዱ አስቸገራችሁ» አሉን።

«ነገ ይዘንባል?» አልኳቸው።

«ከሰዓት በኋላ ያባራል።»

«በምን አወቁ?»

«አላወቅኩም» አሉ ረጋ ብለው። «ግን ከአዲስ አበባ ድረስ ለመጣ እንግዳ ሌላ ምን ይባላል?»

ቅዳሜ ጠዋት፣ ጎሬ

ጨጨብሳ በማር በልተን እኔና ጋሼ ወልዴ በሚኒባስ ጎሬ ወጣን። ከተማዋ ኮረብታ ላይ ናት፤ የዚያን ቀን ግን ጉሙ ከፊት ለፊታችን ካለው ቤት በቀር ምንም አላሳየንም። ጋሼ ወልዴ መንገዱን በእግራቸው ያውቁታል። ጭቃውን እየዘለሉ፣ ከአንድ የእንጨት በር ፊት ቆመው ካፖርታቸውን አስተካከሉ።

እትዬ የሺ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ አሮጊት ናቸው። ወንድማቸውን ሦስት ጊዜ ሳሙ፣ እኔን ግን አገላብጠው። እርጎና ትኩስ ዳቦ አቀረቡልን። የእንትናን ልጅ መመረቅ፣ የእንትናን መታመም ተጨዋወቱ። ጋሼ ወልዴ ዳቦውን እርጎ ውስጥ እየነከሩ ይበሉ ነበር።

«ጥርስህን ምን ሆንክ?» አሉ እትዬ የሺ።

«አስነቀልኩት።»

«እና እንዴት ትነፋለህ?»

እህታቸው ስለ ሥራቸው ሲጠይቋቸው የመጀመሪያ ጊዜ መሆኑ ትዝ አለኝ። ጋሼ ወልዴም ገብቷቸዋል መሰለኝ፣ የያዙትን ዳቦ አስቀመጡ።

«ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ መቱ ነን። መጥተሽ እይኝ።»

«በዚህ ዝናብ? በዚህ ጉልበቴ?»

«እንግዲህ እንደ ፈቀድሽ፣ እትዬ።»

ስንወጣ እስከ በሩ ሸኙን እንጂ እመጣለሁም አልመጣምም አላሉም። ሚኒባሱ ውስጥ ጋሼ ወልዴ፣ «አትመጣም» አሉ። ከዚያ በኋላ እስከ መቱ ትራምፔታቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው የጣት ቁልፎቹን ያለ ድምፅ ሲጫኑ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሜዳው

አላባራም።

መድረኩ ትምህርት ቤቱ ሜዳ መካከል ከሳንቃ የተሠራ ነው፤ ከላዩ ሰማያዊ ሸራ ተወጥሮበታል። ሁለት ዜማ እንደተጫወትን ሸራው ውኃ ቋጥሮ እንደ እርጉዝ ሆድ ወደታች መጣ። ኦቦ ገመቹ ከሥሩ በመጥረጊያ እንጨት ሲገፉት ውኃው በሙሉ ድራሙ ላይ ወረደ። ከዚያ መብራት ጠፋ፤ ኪቦርዱና ጊታሩ ዝም አሉ። የሳክስፎን ቁልፎች ከሥራቸው ቆዳ አላቸው፣ ውኃ ከነካው ያብጣል፤ ስለዚህ ሳክስፎኖቹ ወደ መማሪያ ክፍሎቹ ሮጡ። ሕዝቡም ሜዳውን በሦስት በኩል በከበቡት ክፍሎች ጣሪያ ሥር ተጠልሎ ቆመ። ግን አንድም ሰው ወደ ቤቱ አልሄደም።

ኤልያስ አየን። «ናስ ዝናብ አይፈራም» አለ ጋሼ ወልዴን እየተመለከተ። ትራምፔትና ትሮምቦን የያዝን አምስት ሰዎችና ድራሙን በካፖርቱ የጠረገው ልጅ ቀረን። ኖታው ርሶ ስለነበር በቃላችን ጀመርን።

ያኔ ሰዎች ዣንጥላቸውን ይዘው ከጣሪያው ሥር ወደ እኛ መምጣት ጀመሩ። ማንም አልጠራቸውም። አንዲት አስተማሪ ትሮምቦኖቹን አስጠለለች፣ አንድ ሽማግሌ ድራሙን፣ ኦቦ ገመቹ ደግሞ ጋሼ ወልዴን። ግማሽ ጀርባቸው እየራሰ ያስጠለሉን ሰዎች ፊት መንፋት ከየትኛውም አዳራሽ ይከብዳል።

አራተኛው ዜማ መካከሉ ላይ ከፍ ይላል። እንደታዘዝኩት ከሥር ከሥር፣ ድምፄን ቀንሼ ተከተልኳቸው። የመጀመሪያውን አወጡት። ሁለተኛው ላይ አየር ብቻ ወጣ። እንደገና ሞከሩ፣ እንደገና አየር። ከንፈራቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ወዲያው ትራምፔቱን ከአፋቸው አወረዱና ወደ እኔ ዞሩ።

«ጮክ በይ፣ ሰብለ» አሉኝ። «ተደብቀሽ አትንፊ።»

ያውቁ ነበር። ምናልባት ከመጀመሪያው ልምምድ ጀምሮ። ማፈሬን እንኳ ለማሰብ ጊዜ አላገኘሁም፤ ዜማው እየሄደ ነው። ሳንባዬን ሞላሁና ባለኝ አቅም ነፋሁት። ጋሼ ወልዴ ትራምፔታቸውን ካፖርታቸው ውስጥ ከተቱ፣ ዣንጥላውን ከኦቦ ገመቹ ተቀበሉና ራሴ ላይ ያዙልኝ። ዜማው እስኪያልቅ በግራ እጃቸው ትከሻዬን እየነካኩ፣ ልጅ ሳለሁ እንደሚያደርጉት፣ ምቱን ይቆጥሩልኝ ነበር። ውኃው በአንገታቸው ይወርዳል። እያለቀስኩ እንደነበር ያወቅኩት ስጨርስ ነው።

ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ከሰሜኑ ጣሪያ ሥር ነጠላቸው ላይ ላስቲክ የደረቡ አንዲት ሴት በጭቃው ውስጥ ቀስ ብለው ሲመጡ አየሁ። እትዬ የሺ ናቸው። ጋሼ ወልዴ ሲያዩዋቸው ዣንጥላው እጃቸው ላይ ተንጋደደ።

«ከመቼ ጀምሮ ነሽ?»

«ከመጀመሪያው።»

«ዋናውን ግን አልሰማሽኝም» አሉ ጋሼ ወልዴ። «አልሆነልኝም፣ እትዬ። የነፋችው እሷ ናት።»

እትዬ የሺ እኔን አዩኝ፣ ወንድማቸውን አዩ።

«ማን አስተማራት?»

«እኔ።»

«በቃ ሰማሁህ» አሉና፣ የነጠላቸውን ደረቅ ጫፍ ፈልገው የወንድማቸውን ፊት ጠረጉ።

የዚያን ቀን ማታ ወደ ጎሬ የሚመለስ መኪና ስላልነበረ እትዬ የሺ እኔ ክፍል አደሩ። ከመተኛታቸው በፊት ትራምፔቴን ተቀብለው አገላበጡት። «ይህ ነው እንዴ አባቴን ያስኮረፈው?» አሉ። «እንዴት ቀላል ነው።»

እሑድና ሰኞ፣ መመለስ

እሑድ ጠዋት እትዬ የሺን በጎሬ ሚኒባስ አሳፍረን ወደ መጣንበት ተመለስን። ጋባዦቻችን ሶር ፏፏቴን ሊያሳዩን ቃል ገብተውልን ነበር፤ መንገዱ አያስገባም ተባለና ቀረ። አውቶቡሱ ውስጥ ጋሼ ወልዴን ይቅርታ ለመጠየቅ ቃል ስመርጥ፣ «ተይው» አሉኝ። «ኤልያስም አንቺም ክፉ አላሰባችሁም። ግን እኔ ጎን ሆነሽ እየፈራሽ ስትነፊ መስማት ከጥርሱ ይልቅ አሳመመኝ።» ከዚያ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ራሳቸው ትከሻዬ ላይ አረፈ።

ሰኞ ማታ አዲስ አበባ ገባን። የረጠበ ልብሴን እያሰጣሁ ያሰብኩት ይህን ነው፦ የምንወደውን ሰው ድካሙን ስንደብቅለት ከሰው ዓይን ያዳንነው ይመስለናል፤ እሱ ግን ከእኛም ጭምር ተለይቶ ብቻውን ይቀራል። ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ሄጄ የተማርኩት ይህን ነው፤ ጋሼ ወልዴ ግን በአንድ ቃል ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር፣ ብጠይቃቸው።

በሚቀጥለው ልምምድ ከሁላችንም ቀድመው መጥተው ሦስተኛው ትራምፔት ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ሦስተኛው ዝቅ ያለውን ድምፅ ነው የሚይዘው፤ ጥርስ አያስቸግርም። ሦስተኛ የነበረው ልጅ ደንግጦ ወደ እኔ ቦታ ተሸጋገረ፣ እኔም ወደ አንደኛው። አንድ ዜማ ተጫወትን። ሲያልቅ ጋሼ ወልዴ ኖታቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው እንደገና አነበቡት።

«ይህ እዚህ ነበር እንዴ?» አሉ። «አርባ ዓመት ሙሉ ከላይ ሆኜ አልሰማሁትም። እስቲ ድገሙት።»

ደገምነው።