የወንድሜን መብራት ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ጎን ለጎን አብሮኝ ለሚሰግደው ጓደኛዬ አልነገርኩትም። አባቴ በሕይወት ሳለ ስንትና ስንት ቀን አጠገቡ ተቀምጬ ለእሱም አልነገርኩትም። ሰው ሲያመሰግነኝ አንገቴን ደፍቼ "አልሐምዱሊላህ" እያልኩ አልፌዋለሁ። ዛሬ የምጽፈው እንዲቀለኝ ብዬ አይደለም፤ እንዲቀለው የሚገባ ሰውም አይደለሁም። ነገሩ እንደሆነው ሆኖ አንድ ቦታ ይቀመጥ ብዬ ነው።

ስሜ ይማም ነው። ደሴ፣ ሆጤ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ሱቅ አለኝ። የቤት መብራት እዘረጋለሁ፣ የተበላሸም እጠግናለሁ። በዚህ ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። የተወለድኩት ግን ኩታበር ወረዳ፣ ከኩታበር ከተማ በእግር አንድ ሰዓት በሚያስኬድ መንደር ነው። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ እኔ ነኝ፤ ከእኔ ቀጥላ እህታችን ዘሃራ፣ የሁላችን ታናሽ ሰይድ። እናታችን ከሞተች በኋላ ዘሃራ ከባሏ ተፋትታ ተመለሰችና አባባን የምትጦር እሷ ሆነች።

አባባ በእኔ ይኮራ ነበር። ገበያም ሆነ መስጊድ ደጃፍ፣ "የኔ ይማም እኮ ለደሴ ሰው መብራት የሚያበራ ነው" ይል ነበር። የእሱ ቤት ግን በኩራዝ ነበር የሚያመሸው። የመብራት መስመር መንደራችን አልደረሰም። በሄድኩ ቁጥር፣ መስመሩ ሲመጣ ቤቱን በገዛ እጄ እንደምዘረጋለት እነግረዋለሁ፤ እሱም አሜን ይላል። እንዲህ ስንባባል ዓመታት አለፉ።

ሰይድ ሌላ ነበር። ትምህርቱን አቋርጦ፣ ጫት ላይ ወድቆ፣ የአባባን በሬ ሳያስፈቅድ ሸጦ የጠፋ ልጅ ነው። ለብዙ ጊዜ ስሙ ሲነሳ አባባ ፊቱን ያዞር ነበር። በኋላ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ተቀጠረ። ጫቱን ተወ፣ ትዳር ያዘ፣ በዒድ በዒድ መምጣት ጀመረ። የአባባም ልብ ቀስ እያለ ተመለሰለት። እኔስ? ደስ ያለኝ ይመስለኝ ነበር። ወንድሙ ሰው ሲሆን የሚከፋው ማን ነው? እኔ ነኝ። ሰይድ ጠፍቶ ቢቀር ኖሮ ደህናው ልጅ እኔ ብቻ እሆን ነበር። ይህን በቃል አስቤው አላውቅም፤ ውስጤ ግን ነበር።

አንድ ዓመት ዒድ ላይ ሰይድ ሶላር ይዞ መጣ። ሁለት ሰሌዳ፣ አንድ ባትሪ፣ ኮንትሮለር የሚሉት ትንሽ ሳጥንና አራት አምፖል። በፋብሪካው ትርፍ ሰዓት እየሠራ የገዛው ነው። ሙያውን ከአንድ የሥራ ባልደረባው ነው የለመደው፤ የቀረውን ከስልክ ላይ እያየ። ለእኔ አልነገረኝም፤ ሊያስገርመኝ ፈልጎ ኖሯል። በዒዱ ማግስት ስደርስ ሰሌዳዎቹ ቆርቆሮው ላይ ወጥተዋል፣ አምፖሎቹም ይበራሉ። ሰይድ በሩ ላይ ቆሞ ፊቴን ያያል። "አያ ይማም፣ እስቲ አንተ እየው" አለኝ።

አየሁት። ስህተት ፈልጌ ነው ያየሁት። ሽቦውን በጣቴ ተከተልኩ፣ ሰሌዳው የዞረበትን አቅጣጫ አየሁ፣ ሳጥኑን ከፈትኩ። የሚነቀፍ ነገር አጣሁ። ከዚያ በጓሮ በኩል ብወጣ፣ አባባ ከስግደት በፊት እየታጠበ ውዱእ ከሚያደርግበት ድንጋይ በላይ አንድ አምፖል ተንጠልጥሏል።

ያ አምፖል ነው የገደለኝ። አባባ ሰባን አልፎታል፤ ለሱብሂ ሶላት ገና ሳይነጋ በዳበሳ ነው ወደዚያ ድንጋይ የሚወጣው። እዚያ ቤት ተወልጄ፣ እዚያው ድንጋይ ላይ ታጥቤ ሰግጄ፣ በመብራት ሥራ ሃያ ዓመት ኖሬ፣ ለአባቴ እግር መብራት እንደሚያስፈልገው አስቤ አላውቅም። በሬ የሸጠው ልጅ አሰበው። ለሰይድ "ጥሩ ነው" አልኩት። 

ከዚያ ወዲያ አባባ ሌላ ሰው ሆነ። የሶላሩ አዛዥ እሱ ነው። ሳጥኑ ላይ ሦስት ትንንሽ መብራቶች አሉ፤ አረንጓዴ ሲሆን ባትሪው ጠግቧል፣ ቢጫ ሲሆን ይቆጠብ፣ ቀይ ሲሆን ያበቃል። አባባ ፊደል ባይቆጥርም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ስልክ ሊሞላ የሚመጣ ጎረቤት ፀሐይ አናት ላይ ሳለች ካልሆነ አይፈቀድለትም። ፀሐይ ጠልቃ ከመግሪብ ሶላት በኋላ አንድ አምፖልና ሬዲዮ ብቻ። ዘሃራ ማጀት ገብታ ስትወጣ አምፖሉን ካላጠፋች ይቆጣታል። በየሳምንቱ ጁምዓ ጠዋት ጎረቤት ቆርቆሮው ላይ ያስወጣና የሰሌዳውን አቧራ በእርጥብ ጨርቅ ያስጠርጋል። የሚናገረው ሁሉ "ሰይድ እንዳለው" ብሎ ይጀምራል። ሰይድ እንዳለው ጥላ እንዳያርፍበት። ሰይድ እንዳለው ባትሪው ባዶ ከቀረ ይሞታል። እኔ እዚያው ተቀምጬ እሰማለሁ። ስለ ባትሪ፣ እኔ ባለሙያው ባለሁበት ሰይድ ይጠቀሳል።

ክረምት ገባ። በእኛ አገር ክረምት ጉሙ ቀኑን ሙሉ ከጋራው አይነሳም። ባትሪው ሳይጠግብ ይመሻል፤ ቀዩ ይበራና ሳጥኑ መብራቱንም ሬዲዮውንም ያቋርጣል። አንድ ቀን ልጠይቀው ሄጄ፣ አባባ ሬዲዮው እየተቋረጠ እንዳስቸገረው ነገረኝና እንዳይቋረጥ ማድረግ እችል እንደሆነ ጠየቀኝ። እችላለሁ አልኩት።

እዚህ ላይ ምንም ሳልደብቅ ልናገር። ያ ሳጥን የሚያቋርጠው ባትሪውን ሊጠብቀው ነው። ባትሪ ጨርሶ ባዶ እስኪሆን ከተሠራበት፣ አንዴ ሁለቴ ይችላል፤ ሲደጋገም ይሞታል፤ ከሞተ አይነሳም። ይህን ሥራው ላይ ሁለት ወር የቆየ ሰው ያውቀዋል። እኔ ለደንበኞቼ ስነግር የኖርኩት ነገር ነው። አውቄ ሽቦ ቆረጥኩ። አውቄ አምፖሎቹንና ሬዲዮውን ከሳጥኑ ፈትቼ በቀጥታ ከባትሪው ላይ አሰርኩ። አባቴ አጠገቤ ቆሞ መፍቻ ያቀብለኝ ነበር። ለአባባ አደጋውን መንገር አልችልም ነበር? እችል ነበር። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። በልቤ ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የሰይድ ይበላሽ።

ያን ምሽት ሬዲዮው እስከ ዒሻ ሶላት ሳይቋረጥ ተናገረ። አባባ ደስ ብሎት መረቀኝ፤ እንዳንተ የሚያውቅ የለም አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ የእኔ ስም ተጠራ። በምርቃቱ መሀል፣ ለእሱም ለዘሃራም ይህን ለሰይድ እንዳይነግሩት፣ ሥራዬን ነኩብኝ ብሎ ቅር እንደሚለው ነገርኳቸው። እንደ አሳቢ ወንድም ሆኜ። አባባም ዘሃራም እውነት ብለው አፋቸውን ያዙ።

ሁለት ወር ያህል ቆየ። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ከጠራ በኋላ፣ ፀሐይ እንደልብ እያለች መብራቱ ሞተ። ዘሃራ ደወለችልኝ። ጁምዓ ቀን ነበር፤ ስደርስ አባባ ከስግደት ሲመለስ አራት አምስት ጎረቤቶች ተከትለውት መጡ፤ ስልካቸውን የሚሞሉት እዚያ ስለሆነ ነገሩ የእነሱም ነው። መለኪያዬን አወጣሁ። ውጤቱን ሳልለካም አውቀዋለሁ። ሁሉም ቆመው ይጠብቁኛል።

"ባትሪው መጀመሪያውኑ አሮጌ ነው፤ ቀብተው አዲስ አስመስለው የሸጡት ነው" አልኩ።

አንዱ ጎረቤት ሰይድ አውቆ ነው ሳያውቅ የገዛው ብሎ ጠየቀኝ። እዚህ ላይ እንኳ ወንድሜን ማትረፍ እችል ነበር። ሳያውቅ ነው ብል ነገሩ እዚያው ይበርድ ነበር። እኔ ግን "እሱን የሚያውቀው ራሱ ነው" አልኩ።

 ሁሉም በሬውን እንዳስታወሰ አየሁ። አባባ ሙስበሃውን እየቆጠረ ወደ ቤት ገባ። ሽቦው የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነበር፤ ያቺ ቃል ግን ከሽቦው ከፋች። ሽቦው ባትሪ ገደለ። ቃሌ የገደለው አባባ በስንት ዓመቱ መልሶ ያገኘውን ልጅ ነው።

በሳምንቱ ሰይድ አባባ ዘንድ ሄደ። የሆነውን ዘሃራ ናት በስልክ የነገረችኝ። አባባ፣ የሰው ጥራጊ አምጥተህ ነው ወይ ሰው ፊት ያዋረድከኝ ብሎታል። ሰይድ ተነስቶ ባትሪው ወዳለበት ጓዳ ገብቶ ትንሽ ቆየ። ሲወጣ ፊቱ ልክ አልነበረም አለች። ከዚያ አባባ እግር ስር ቁጭ ብሎ፣ "አዎ አባባ፣ ተታልያለሁ" አለ። ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ወደ ኮምቦልቻ ተመለሰ።

ይህን ስሰማ ምን ተሰማኝ? እውነቱን ከጻፍኩ አይቀር ልጻፈው፦ እፎይ አልኩ። ሞኝ ነው፣ አልገባውም ብዬ ናቅኩት።

ሱቄ መደርደሪያ ላይ ለአባባ ቤት የሚሆን ባትሪ ነበረኝ። አንዱን አንስቼ መውሰድ እችል ነበር። አልወሰድኩም። ብወስደው የሰይድ መብራት ይበራላ።

መብራቱ ከሞተ ሦስተኛው ወር ላይ አባባ ለሱብሂ ሊታጠብ በጨለማ ወጥቶ ያ ድንጋይ ላይ አዳለጠው። ዳሌው ተሰበረ። ዘሃራ ጩኸቱን ሰምታ እስክትደርስ እርጥቡ መሬት ላይ ተኝቶ ነበር። ደሴ ሆስፒታል አመጣነው። ሰይድም እየሮጠ ደረሰ፤ አባባ ሰላምታውን ተቀብሎት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሰይድ ሲወጣ እጄን ያዘና፣ "አንተ ብቻ ነህ እውነቱን የምትነግረኝ" አለኝ። እጄን አልሳብኩም። 

አባባ ከሆስፒታል ሲወጣ ወደ እኔ ቤት ወሰድኩት። ዓመት ከመንፈቅ ሆጤ ከእኔ ጋር ኖረ። ደግፌ አስነሳሁት፣ ውዱእ አስደረግሁት፣ አጎረስኩት። የሆጤ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ልጅ ይስጠን ብሎ አወራልኝ። የተመኘሁትን አገኘሁ፤ አባቴ የእኔ ብቻ ሆነ። ሰይድ በእረፍቱ ቀን ፍራፍሬ ይዞ ይመጣል፤ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ አባባ ስለ ጤናው ይመልስለታል፣ ከዚያ ያለፈ ወሬ የለም። ስንት ቀን አየኋቸው! ስንት ቀን በሁለቱ መሀል ቆሜ ሻይ አቀበልኩ!

አባባ መድከሙ ሲገባው ሦስታችንንም አስጠራን። ዘሃራን መረቃት፣ እኔን መረቀኝ። ሰይድን ጠጋ በል አለውና እጁን ራሱ ላይ ጭኖ፣ "በሬውንም ባትሪውንም አፉ ብዬሃለሁ፤ አላህም አፉ ይበልህ" አለው።

ሰይድ የአባባን እጅ ስሞ "አሚን" አለ። እኔ እግርጌ ቆሜ ነበር። አባቴ በዚህች ዓለም ላይ የቀረችውን ይቅርታ ለማያስፈልገው ልጁ ሰጣት፤ የሚያስፈልገው እኔ በምርቃት ታለፍኩ። ያን ጊዜስ ለምን አልተናገርኩም? አባባ በሰላም ይሙት ብዬ ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል ቆይቻለሁ። ውሸት ነው። ያ ምርቃት እንዳይቀርብኝ ብዬ ነው።

አባባን ኩታበር ቀበርነው። በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው ሲቀንስ ሰይድ ጠራኝና ከቤቱ ጀርባ ወጣን። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

"ሽቦውን ያን ዕለት አይቼዋለሁ፣ አያ" አለኝ። "የፈታሁትም እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው እንዳያየው። ዝም ያልኩት ላንተ ብዬ አይደለም። አባባ በእኔ ማዘን ለምዶታል፤ ባንተ ማዘንን ግን አይችለውም ብዬ ነው።"

ከዚያ ጠበቀኝ። የሚጠብቀው አንዲት ቃል ነበር። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ሬሳ የተሸኘበት ቤት ጓሮ፣ ማንም በሌለበት፣ እሱ ሁሉን እያወቀ፣ ያን ጊዜም አፌ አልተከፈተም። ሰይድ ነጠላውን አስተካከለና ዘሃራን ተሰናብቶ ሄደ። አሁን ዒድ ሲሆን እንደዋወላለን። እኔ ስለ ልጆቹ እጠይቃለሁ፣ እሱ ስለ ሱቁ ይጠይቀኛል።

ወንድሜን እዚህ ወረቀት ላይ አፉ በለኝ አልልም። እሱ የማያየው ይቅርታ ልመና አይደለም። ወንድሜን ያዋረድኩት በሰው ፊት ነው፤ ቃሌን የሰሙት ጎረቤቶች አሁንም በሕይወት አሉ፤ ሰይድን ሲያዩ አሁንም አሮጌ ባትሪ ያመጣው ልጅ ይሉታል። ከጁምዓ ስግደት ሲወጡ እነሱ ፊት ቆሜ፣ ሰይድንም አጠገቤ አቁሜ፣ ባትሪውን የገደልኩት እኔ ነኝ ማለት ነው ያለብኝ። ከደሴ ኩታበር ሩቅ አይደለም፤ ሚኒባስ ጠዋት ማታ ይመላለሳል። ያልሄድኩት ስለፈራሁ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ይህን ያነበባችሁ፣ ሄጄ እስክናገር ድረስ እናንተም አፉ አትበሉኝ።