ሳይዋጥ የቀረው ቢራ

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ፔል ኤል የሚባል የጠርሙስ ቢራ ይዞልኝ መጣ። ውጭው ዶፍ ዝናብ ስለነበር ሳሎን ተቀምጠን ከፈተው። «ጋሼ፣ ቀስ ብለው ያጣጥሙት» አለኝ። ማጣጣም! ይህን ቃል ስሰማ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ወጣት ሳለሁ ምኞቴ አንድ ብቻ ነበር፤ ቡና ቀማሽ መሆን። እዚሁ ዲላ አንድ ቡና ላኪ ዘንድ ተቀጥሬ፣ በዚያ ጭቃ መንገድ ሞተር ብስክሌት ላይ ተፈናጥጬ ከኢዲዶ ቀበሌ የቡና ናሙና አመላልስ ነበር። ዋናው ቀማሽ ጋሽ መስፍን ረዳት ሲፈልግ አንድ ጠርሙስ ሰጠኝ። ያኔ በአገራችን ብዙም የማይታወቅ ፔል ኤል ነበር። «ቡናውንማ ለምደኸዋል። የማታውቀውን ቅመስና ያገኘህበትን ጣዕም ሰኞ ንገረኝ። ከሆነልህ ቦታው ያንተ ነው» አለኝ።

ችግሩ አባቴ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ በግቢያችን የአልኮል ጠብታ ገብቶ አያውቅም። ጠርሙሱን ሲያይ የቀረበለትን ቆጮ ገፋ አደረገ። ከዚያም፣

«ቡና ስትቀምሱ ትተፉ የለ?» አለኝ።

«እንተፋለን አባባ።»

«እንግዲያው ይሄም እንደዚያው ነው። አፍ ውስጥ ከሆነ ሥራ ነው። ጉሮሮ ካለፈ መጠጥ ነው።»

ተከራከርኩ፤ ግን ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነብኝ። የግቢውን በር ራሱ ዘጋ። ዝናብ እየጣለ ጓሮ ወስዶ እንሰቱ ሥር አቆመኝና ኮቱን አውልቆ ብርጭቆዬን ከዝናቡ እየከለለ ማንቁርቴ ላይ አፈጠጠ። በቡና እንደለመድኩት በማንኪያ ቀድቼ በኃይል ብስበው አረፋው በአፍንጫዬ ወጣ። «ትፋ!» እተፋለሁ። የብርቱካን ልጣጭ አገኘሁ፤ የደረቀ ሣር አገኘሁ። ምሬቱ ገና ብቅ ሲል «ትፋ! ማንቁርትህ ተነቃነቀ!» እንዲህ እንዲህ እያልን ያን የመሰለ ቢራ እንሰቱ ጠጣው።

ሰኞ ጋሽ መስፍን ያልኩትን ሁሉ በፈገግታ ሰማኝ። «ጎሽ! ከዋጥከው በኋላስ? ምሬቱ ቆየ ወይስ ቶሎ ጠፋ?» መዋሸት ይቻል ነበር፤ የዚያ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ልጅ ሆኖ ውሸት ከየት ይምጣ! «አልዋጥኩትም» አልኩ። ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ቢራ እኮ የሚያልቀው ጉሮሮ ላይ ነው። ግማሹን ነው ያመጣህልኝ» አለና ቦታውን ለአንድ የገደብ ከተማ ልጅ ሰጠ። ለአባቴ ስነግረው «ጌታ ሌላ ያዘጋጃል» ብሎ እራቱን በላ። ንዴቴን አስቡት። እኔም አስተማሪ ሆኜ ቀረሁ።

ቅዳሜ ዕለት ግን ዋጥኩት። ምሬቱ ምላሴ ሥር ተቀምጦ አልሄድም አለ። የእህቴ ልጅ «እንዴት ነው?» ሲለኝ ትዝ ያለኝ አባቴ ነው። አባቴ ካረፈ ቆይቷል። ስንት ዘመን «ሥራ ያሳጣኝ ሰው» እያልኩ አማሁት። ያ ሰው ግን ለእኔ ሲል ጠርሙሱ በግቢው እንዲከፈት ፈቅዶ፣ ምእመን ጎረቤቱ እንዳያየው በር ዘግቶ፣ በሸሚዝ ዝናብ ሲያበሰብሰው ቆሟል። የቻለውን ያህል መጥቶልኛል፤ እስከ ጉሮሮዬ ድረስ። ይህን አውቃለሁ። አውቄም፣ ፀጉሬ ሸብቶም እናደዳለሁ። አንዲት ጉንጭ፣ አባባ! አንዲት ጉንጭ ብትለቅልኝ ምን ነበረበት!