የመውደቅ መምህር

ክፍሉን መጀመሪያ ያየሁት ከወለሉ ነው። በሩ ሲከፈት አንድ መዳፍ ጀርባዬ ላይ አረፈ፤ ሦስቱን የድንጋይ ደረጃ አንዱንም ሳልረግጥ አልፌ በአፍጢሜ ተደፋሁ። የፊት ጥርሴ ስትሰበር ድምፅዋን ሰማሁ። ሕመሙ የመጣው ቆይቶ ነው።

ቀና ስል ከሰው በፊት ያየሁት ጉም ነበር። ነሐሴ ነው፤ የጎንደር ጉም ከጣሪያው ሥር ባለች ጠባብ መስኮት ይገባል፣ ከሰዎቹ መሀል ይቀመጣል፣ ሲሰለቸው ደግሞ ይወጣል። ክፍሉ ድሮ የእህል መጋዘን ነበርና የቆየ ጤፍ ይሸታል። ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡት ሰዎች ከወገባቸው በታች አይታዩኝም። የሞትኩ መስሎኝ ነበር፤ እውነቴን ነው።

አንድ ሽማግሌ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ሰጡኝ። እስክጉመጠመጥ ጠበቁና ሥራዬን ጠየቁኝ። አስተማሪ ነኝ አልኳቸው። ምን እንደማስተምር ቢጠይቁኝ፣ አፌ ደም እንደሞላ እውነቱን ተናገርኩ።

"መውደቅ።"

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ሽማግሌውም እስኪያስላቸው ሳቁና "አወዳደቅህንስ አየነው" አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ የመውደቅ መምህር ሆኖ ቀረ።

ውሸት ግን አልነበረም። ቀን ቀን ሆስፒታል ራጅ አነሳለሁ፤ ከሥራ በኋላ ፒያሳ አጠገብ በተከራየናት አዳራሽ አይኪዶ አሠለጥን ነበር። አይኪዶ የጃፓኖች ትግል ነው፤ ግን ውድድር የለው፣ አሸናፊ የለው። የመጣብህን ሰው ጉልበት አትቃወምም። አብረኸው ትዞራለህ፣ ወደሚሄድበት ትሸኘዋለህ፣ አንተም እሱም ሳትጎዱ ነገሩ ያልፋል። ለዚህ ደግሞ ሁለታችሁም መውደቅ ማወቅ አለባችሁ። ስለዚህ ጀማሪ ተማሪ ወራት ሙሉ የሚማረው መውደቅ ብቻ ነው። ሊይዙኝ የመጡት ሰዎች ይህን አልጠየቁኝም። ጥግ ላይ የተደረደሩትን የልምምድ ዱላዎች አዩና ማንን ልትመቱበት ነው አሉኝ። ማንንም አልኩ። በዚህ አገር ዱላ የማይዝ ባላገር ካለ አሳዩኝ ልላቸው ነበር፣ ደግነቱ አላልኩም። ወረቀቱ ላይ ወጣቶችን በድብቅ ያሠለጥናል ተብሎ ተጻፈ።

እኔን ያንገበገበኝ ግን ክሱ ሳይሆን አወዳደቄ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩ ሰውዬ፣ አንድ መዳፍ ሲነካኝ እንቢ ብዬ ሰውነቴን ገተርኩ። የገተረ ይሰበራል እያልኩ ስንቱን ተማሪ ሳሰለች ኖሬ።

ሽማግሌው ከሳንጃ ከተማ ወዲያ ያሉ ገበሬ ናቸው። አያ እላቸው ነበር። የእህታቸው ልጅ የት እንደገባ አላውቅም በማለታቸው ነው የታሰሩት። ከበቅሎ ወድቀው ዳሌያቸው ውስጥ ብረት ተገጥሞላቸዋል። ራጁን እኔው ራሴ አንስቼው ይሆናል፤ የሰው ፊት ይጠፋኛል እንጂ ያን ብረት ሲተርኩልኝ አየሁት። ዳግመኛ ከወደቁ በእግርዎ አይሄዱም ብሏቸዋል ሐኪሙ። ሲያመጧቸው ተረኛ የነበረው ጠባቂ ክንዳቸውን ይዞ አወረዳቸው። ዓርብ ግን ቃል ለመስጠት ተጠርተዋል፤ ዓርብ ተረኛው እኔን የገፋኝ ልጅ ነው። ሰው ሳይገፋ አስገብቶ አያውቅም። ክፉም አይመስል፤ በር እንደሚዘጋ ሰው እንዲሁ ይገፋል።

"መሞትስ የአባት ነው" አሉኝ አያ። "በሰው ትከሻ ከቤቴ መግባት ነው የከበደኝ።"

ላስተምራቸው ፈራሁ። በድብቅ ያሠለጥናል የተባለ ሰው እስር ቤት ውስጥ ሲያሠለጥን ቢያዝ ምን ይላል? ሁለት ቀን ራሴን ስከራከር ቆየሁ። ረቡዕ ጠዋት ጋቢ አነጠፍን፣ አንዱን እስረኛ በሩ ሥር አስቀመጥንና ጀመርን።

አልሆነም። በትከሻ መንከባለል ባሳያቸው "ምነው፣ አመድ ያየ አህያ አደረግኸኝ?" አሉ። በጎን መጋደሙን ዳሌያቸው እንቢ አለ። ከኋላ በስሱ ስነካቸው እንደ ምሰሶ ይገትራሉ። ሐሙስ ከሰዓት ጋቢዎቹን አጣጥፌ ለባለቤቶቹ መለስኩ፤ አያ አጽናኑኝ ይባስ ብለው።

ዓርብ ንጋት ላይ ነቃሁ፤ ወይም የነቃሁ መሰለኝ። ጉሙ ገብቶ ነበር። በጉሙ ውስጥ አንድ ሰው ይወርዳል፣ ይነሣል፤ ይወርዳል፣ ይነሣል። ድምፅ የለውም። መጀመሪያ እጁ መሬት ይነካል፣ ከዚያ ጉልበቱ፣ ከዚያ ግንባሩ፤ ደግሞ በዚያው መንገድ ይመለሳል። አንዱን ጎኑን ይጠነቀቅለታል፣ ሌላው ይሸከምለታል። በእንቅልፍ ልቤ ቀናሁበት፤ እንዲህ ያለ አወዳደቅ ከማን ተማረ እያልኩ። አያ መሆናቸው የገባኝ ቆይቶ ነው። ፍልሰታ ነበርና ይሰግዱ ነበር። ለካ እኔ ተኝቼ እሳቸው በየጠዋቱ አርባ አንድ ጊዜ ይወድቃሉ።

ሲጨርሱ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። መውደቁን ያውቁታል አልኳቸው፤ መዳፉ እንደነካዎት አይገትሩ፣ ስግደትዎን ይጀምሩ። ፊታቸው ጠቆረ።

"ለሱ ልስገድ?"

"ለሱ አይደለም፣ አያ።"

"ስግደት ለፈጣሪ ነው። ቢሰብረኝ ይስበረኝ።"

አዳራሻችን በተከፈተ ሰሞን ተማሪዎቼንም ለሰላምታ እርስ በርስ እጅ መንሣት አለ ስላቸው ግማሾቹ በዚሁ ቃል ጥለውኝ ሄደዋል። ያኔ ተናድጄባቸው ነበር። አሁን ግን ሊሰበር የሚሄድ ሰው ሲለው ስሰማ አፈርኩ።

ቆይተው መስኮቷን በአገጫቸው አሳዩኝ። "ምሥራቅ ናት?"

ምሥራቅ ናት፣ የቅዳሴው ደወልም የሚመጣው ከዚያው ነው አልኳቸው። ወዲያው ተጠሩ።

ደወሉ ሲደወል አልተመለሱም ነበር። ከደረጃው ሥር ቆሜ ጠበቅሁ። ከወደቁ ልደግፋቸው ነበር ሐሳቤ፤ ከሦስት ደረጃ የሚወድቅ ሰው ግን ተደግፎም ይሰበራል፣ ይህን ራጅ ያነሳ ሰው ያውቀዋል። በሩ ተከፈተ። አያ ከደረጃው አናት፣ የቁርበት ስፋት ባላት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቆሙ። ዓይናቸው መስኮቷ ላይ ነበር። ከኋላቸው የልጁ እጅ ሲነሣ አየሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው በሕልም እንዳለ ነገር ነው የሚመጣልኝ፤ ቀስ ብሎ። መዳፉ ገና ነጠላቸውን ሲነካ አያ ወረዱ። እጅ፣ ጉልበት፣ ግንባር። መዳፉ የገፋው ባዶ አየር ነበር። ልጁ የገዛ ጉልበቱን ተከትሎ በአያ ጀርባ ላይ አለፈና፣ እንደ እኔው ደረጃውን ሳይረግጥ፣ ፊቱን አስቀድሞ ወደ እኔ መጣ።

ፈቀቅ ብል ጥርሱን ይለቅም ነበር። አስቤበታለሁ፣ አልዋሽም፤ ምላሴ የተሰበረችዋ ጥርሴ ላይ ነበረች። እጄ ግን ቀደመኝ። ክንዱን ተቀብዬ አብሬው ዞርኩ፣ አንድ ዙር ሙሉ፣ በእግሩም ቆመ። ቆቡ ብቻ ወደቀች።

ልጁ ክንዱን ከእጄ አስለቀቀ።

"ምን አደረግኸኝ?" አለኝ።

"ምንም። እንዳትሰበር ነው።"

ዱላውን እየጠበቅሁ ሳለ አያ ተነሡ። አማተቡ። ሦስቱን ደረጃ አንድ በአንድ በእግራቸው ወረዱ፣ በመልካሙ እግራቸው ላይ ዝቅ ብለው ቆቡን አነሡ፣ አቧራውን አራገፉና ሰጡት።

"እንካ ልጄ። ደረጃዋ ክፉ ናት።"

ተቀበላቸው። ወጣና ቆለፈ። ከዚያ ወዲያ ሰው መግፋት ተወ ብል ሸጋ ነበር፤ አልተወም። አያን ግን ዳግመኛ አልነካቸውም፣ እኔንም አልከሰሰኝም። አያ የተፈቱ ዕለት ክንዱን ዘረጋላቸው። መሸኘቱን ወደዱለት፣ ክንዱን ግን አልያዙትም፤ ሦስቱን ደረጃ ብቻቸውን ወጥተው በገዛ እግራቸው ሄዱ።

እኔም ቆይቼ ተፈታሁ። ዱላዎቹ አልተመለሱልኝም፤ አዳራሹ ግን ተመልሷል። እጅ መንሣት የማይፈልግ ተማሪ አሁን አያናድደኝም፣ ፊቱን ወደ ወደደው አቅጣጫ አዙሮ ይጀምር እለዋለሁ። ፍልሰታ ሲገባ አያ ይደውላሉ። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ "እስካሁን በእግሬ ነኝ" ይሉኛል፤ ለሰዓታት ደስ ብሎኝ እቆያለሁ።

አዲስ ተማሪዎች ጥርሴን ለምን እንደማላስተካ ይጠይቁኛል። ገትሬ የሰበርኳት ናት እላቸዋለሁ። ከዚያ ምንጣፉን እናነጥፍና እንወድቃለን።