እሑድ በሦስት ሰዓት

እህቴ ዱባይ ሰው ቤት ከተቀጠረች ሁለት ዓመቷ ነው። «እሑድ በሦስት ሰዓት እደውላለሁ፤ እማዬን አምጣት» ብላ ጻፈችልኝ። እናታችን ድምፅዋን ልትሰማ ቅዳሜ ከእብናት ወደምማርበት ደብረ ታቦር መጣች።

«ሦስት ሰዓት ጧት አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

«የዱባይ ሦስት ሰዓት ከቀትር በኋላ ነው፤ በእኛ ስምንት ይሆናል። አስልቼዋለሁ እማዬ።»

ጧት ስልኬን ዘግቼ ቅዳሴ ገባን። ስንወጣ ከፍቼ መልእክቷን አነበብኩ፦ «ደጋግሜ ደወልኩ። አሠሪዬ ስልኩን ልትወስድብኝ ነው፤ መቼ እንደምትመልስልኝ አላውቅም።»

ለእናታችን ብላ በእኛው ሰዓት ነበር የጻፈችው።

እናቴ ግን ስልኩን ይዛ እስከ ስምንት ሰዓት ጠበቀች። ወደ መናኸሪያ ስሸኛት አልተቆጣችኝም። «ያገሯን ሰዓት አልረሳችም» ብቻ አለችኝ።