አቶ ዐወድ የጠበቋቸው ሰዎች

መጀመሪያ ያየሁት ቀኝ እጃቸውን ነው። ታጥቦ፣ ጣቶቹ ወደ ላይ ተሰብስበው፣ ከጠረጴዛው ከፍ ብሎ አየር ላይ ቆሟል። ውሃው ወደ ክርናቸው ይወርዳል። ግራ እጃቸው ጭናቸው ላይ አርፏል። ቀኙ ግን ምንም አይነካም፤ የጠረጴዛውን ጨርቅ፣ የለበሱትን ረጅም ነጭ ጀለቢያ ጫፍ፣ ፊታቸው የቀረበውን ገንፎ እንኳ አይነካም።

ቀትር ነው። ቦታው አሶሳ፣ የሼፍ ትሩፋት ምግብ ቤት። እሑድ እሑድ በቴሌቪዥን፣ ሽንኩርቱን ሳታይ እየከተፈች አገሩን የምታስቀው ትሩፋት ናት። ወላጆቿ ከወሎ መጥተው በሰፈሩበት፣ ከአሶሳ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ተወለደች፤ አዲስ አበባ ላይ ስሟ ገነነ፤ ከዚያ ተመልሳ እዚህ ማንጎ ዛፎች ሥር የቀርከሃ ወንበር ደርድራ ምግብ ቤት ከፈተች። በአውሮፕላን የሚመጣው እንግዳ ሻንጣውን ሆቴል ጥሎ በቀጥታ ወደ እርሷ ነው። የሚበላውም የዚሁ አገር ምግብ ነው፤ የማሽላ ገንፎ በደረቀ ባሚያ ወጥ። ገንፎው ለአንድ ሰው፣ በአንድ ሰሃን፣ እንደ ትንሽ ጉብታ ተድቦልቡሎ ይመጣል። ሰው ከመብላቱ በፊት በስልኩ ፎቶ ያነሳዋል።

እኔ ጠዋት ዩኒቨርሲቲ አስተምሬ ብቻዬን ምሳ ልበላ መምጣቴ ነበር። አስተናጋጇ ሐኒ ሰሃኔን ስታስቀምጥ ጎንበስ አለችልኝ።

"ያን ሽማግሌ አየሃቸው? ሃያ ደቂቃ ሆናቸው፤ አንዴ እንኳ አልጎረሱም።"

"ታመው ይሆን?"

"ምን ይታመማሉ! በር በሩን ነው የሚያዩት። የዐርዋ አባት እኮ ናቸው። እሷ ኩሽና ውስጥ ነፍሷ ልትወጣ ነው።"

ዐርዋን አውቃታለሁ። ገንፎውን የምታገነፋው እርሷ ናት። የመምህርነት ትምህርቷን ሁለተኛ ዓመት ላይ አቋርጣ እዚህ ስትቀጠር ለቤተሰቧ አልተናገረችም፤ ወሬው ግን ቤተሰቧ ወዳለበት ወደ ድንበር ከተማው ኩርሙክ ገባ። አባቷ ደውለው "መጥቼ እወስድሻለሁ" አሏት። ዐርዋም "ና፤ መጀመሪያ ግን የሠራሁትን ብላ። በልተህ 'እንሂድ' ካልከኝ እሄዳለሁ" ብላ ቃል ገባች። እነሆ አቶ ዐወድ ከንጋት ጀምረው በጭነት መኪና ተንገጫግጨው መጥተዋል፤ ገንፎው ቀርቧል፤ አይበሉትም። በኩሽናው መስኮት በኩል አየኋት። ማማሰያውን በሁለት እጇ እንደ ምርኩዝ ይዛ ቆማለች። የገንፎው ፊት ቀዝቅዞ ቆዳ አወጣ።

በመጨረሻ ሼፍ ትሩፋት ራሷ ወጣች። ስልኮች ተነሡ። በእጇ ዝቅ አድርጉ ብላ ወደ ሽማግሌው ሄደች።

"አባቴ፣ ጨው አነሰው?"

"ጨው አላወቅሁም። አልቀመስኩም።"

"ባሚያው ነው? ቀጠነ?"

"ባሚያ ቆንጆ ነው። ሽታው ወደኔ መጥቷል።"

"ታዲያ ምን እየጠበቁ ነው?"

"ሰዎቹን።"

"የትኞቹን ሰዎች? ቀጠሮ አለዎት እንዴ?"

አቶ ዐወድ ግራ ተጋብተው አዩአት። በግራ እጃቸው ወንበሮቹን አንድ በአንድ አሳዩአት። "ወንበር አራት ነው። እኔ አንድ። ሦስት ሰው የታለ? ምግብ ቀዘቀዘ፣ እነሱ አልመጣም። የከተማ ሰው እንዲህ ይዘገያል?"

ከኋላዬ የተቀመጠ የባምባሲ መስመር ሹፌር ከት ብሎ ሳቀ። "እንግዲህ እስከ ራት መጠበቅዎ ነው!" አለ። ትሩፋት አልሳቀችም።

"አባቴ፣ የሚመጣ ሰው የለም። ይሄ የእርስዎ ብቻ ነው።"

"የኔ ብቻ?" ዙሪያቸውን ቃኙ፤ እያንዳንዳችንን፣ እያንዳንዱን ሰሃን። "ይሄ ሁሉ ሰው እያለ?"

ነገሩ ምን ያህል እንደከበዳቸው የገባኝ በኋላ ሻይ ስንጠጣ ሲያወጉኝ ነው። ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል። በወጣትነታቸው በአህያ፣ ኋላም ከጭነት መኪና ላይ ተቀምጠው ሽንኩርትና ሳሙና፣ ሰሊጥና ሻይ ቅጠል ከኩርሙክ አሶሳ፣ ከኩርሙክ ወደ ማዶ ሱዳን ሲያመላልሱ ኖረዋል። ክረምት ላይ መኪናው ጭቃ ውስጥ ሦስት ቀን ይቀመጣል። አንዱ ዱቄት፣ አንዱ ዘይት፣ አንዱ ድስት ያወጣል፤ ጠዋት በመቀመጫ የተጣሉት ሁለቱ ሰዎች ቀትር ላይ ከአንድ ትሪ ይበላሉ። በሰፈራቸው በረመዳን ወንዶቹ ማፍጠሪያቸውን ይዘው መንገድ ዳር ይወጣሉ፤ አላፊ አግዳሚውን ልብሱን ጎትተው ያስቀምጡታል። የሱዳኑን ጦርነት ሸሽቶ ከማዶ የመጣውንም ሰው እንዲሁ ነው የተቀበሉት። በዕድሜያቸው ለብቻቸው ምግብ የቀረበላቸው አንድ ጊዜ ነው፤ ወባ ይዟቸው ሆስፒታል ሲተኙ። አልጋቸውን ገፍተው ከጎረቤታቸው በሽተኛ አልጋ ጋር አገጣጠሙና አብረው በሉ።

"ነርሷ አልተቆጣችም?" አልኳቸው።

"ተቆጣ! እኔም 'ና ብላ' አልኩት። በላ።"

በአቶ ዐወድ አማርኛ ሴቱም ወንዱም ወንድ ነው።

እንግዲህ ያን ቀን፣ "ይሄ ሁሉ ሰው እያለ?" ካሉ በኋላ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ።

"አንተ! ብቻህን ነህ?"

"አዎ፣ አባባ።"

"በሽተኛ ነህ?"

"ኧረ ደህና ነኝ።"

"ታዲያ እዚያ ምን ትሠራለህ? ና!"

ሰሃኔን ይዤ ተነሣሁ። ወደ ሹፌሩ ዞሩ። "የሚስቀው! አንተም ና። አፍህ ክፍት ነው፤ ምግብ ይግባበት።" ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ ሹፌሩ እያፈረ ሰሃኑን ይዞ መጣ። ሦስተኛው አልተጠራም። ጥግ ላይ ስልኩን እያየ ይበላ የነበረ የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ክራቫቱን ወደ ትከሻው ወርውሮ፣ ሰሃኑን ይዞ፣ አራተኛው ወንበር ላይ ቁጭ አለ።

"ዐርዋ!" ብላ ተጣራች ትሩፋት። "ትልቁን ትሪ!"

ዐርዋ ትሪውን ይዛ ወጣች። ሰው ሁሉ ፎቶ የሚያነሣውን ጉብታ፣ አራቱንም፣ ትሩፋት በገዛ እጇ ትሪው ላይ ገለበጠችው። ተደፋ፣ ተጨፈለቀ፣ አንድ ወፍራም ኮረብታ ሆነ። መሐሉን በማንኪያ ጎደጎድ አድርጋ ባሚያውን ሞላችበት።

አቶ ዐወድ "ቢስሚላህ" አሉ። ያ እጅ ወረደ።

ገንፎው ቀዝቅዟል፤ እውነቱን ለመናገር ጓጉሏል። ነገር ግን አራት እጅ ከአራት አቅጣጫ ወደ አንድ ጉድጓድ ሲገባ፣ ሹፌሩ ለእኔ መንገድ ሲለቅ፣ እኔ ለባንክ ሠራተኛው ስለቅ፣ ባሚያው ከጣት ወደ ጣት እየተሳበ ክር ሲሠራ፣ ከዚህ በፊት እዚህ ቤት በልቼ የማላውቅ መሰለኝ። ዐርዋ ከአባቷ ጀርባ ቆማለች። አገጫቸው ሲንቀሳቀስ ታያለች እንጂ ፊታቸውን አታይም።

ትሪው ሲጋመስ፣ ዞር ሳይሉ፣ "ጨምር" አሉ።

ዐርዋ አልሰማችም መሰለኝ። ሐኒ በክርኗ ጎሸመቻት። "ጨምሪ ነው የሚሉሽ፣ አንቺ!"

ልጅቷ ሮጠች። ትኩሱ ሲመጣ እንፋሎቱ ፊታችንን ሸፈነው፤ ባንክ ሠራተኛው ጣቱን አቃጥሎ "ኡፍ!" አለ፤ ሹፌሩ በተራው እርሱ ላይ ሳቀ። አቶ ዐወድ ጣታቸውን ልሰው ትሩፋትን ጠሩ።

"ልጄ እዚህ ይሠራል" አሏት። "ትምህርት ግን ይጨርሳል።"

"ከሰዓት ከሰዓት እለቃታለሁ፤ ትማር። ቃሌ ነው።"

"ወላሂ በል።"

ትሩፋት የወሎ ሰዎች ልጅ ናትና ሳትደነቃቀፍ "ወላሂ" አለች። ዐርዋ ሽርጧን ወደ ፊቷ አነሣች፤ ትከሻዋ ሲርገበገብ አየሁ። አባቷ በቋንቋቸው፣ በበርታኛ፣ አንድ ነገር ጣል አደረጉላት። ከሽርጡ ሥር ሳቀች። ምን እንዳሏት አልጠየቅኋትም።

ሻያችንን ስንጨርስ ግን እርሳቸውን ጠየቅሁ። "ባይበሉት ኖሮ ይወስዷት ነበር?"

"ይሄዳል፣ ከኔ ጋር" አሉ። "ሰው ብቻ ብቻውን የሚበላበት ቤት ልጅ ከቆየ፣ ሰው መጥራት ይረሳል። ፈራሁ። ስጠራህ ግን መጣህ። የሚስቀው መጣ። ያ በአንገቱ ገመድ ያለው ሳልጠራው መጣ። በቃ፣ ይሥራ።"

እስከ በሩ ሸኘኋቸው። ወደ ኩርሙክ የሚመለሰው መኪና ሊነሣ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

"ኡስታዝ፣ ኩርሙክ ና" አሉኝ፤ መምህር መሆኔን ሻይ ላይ ነግሬያቸው ነበር።

"እመጣለሁ። ቤትዎን የማን ብዬ ልጠይቅ?"

"ለምን ትጠይቃለህ? በምሳ ሰዓት መንገድ ላይ ሂድ። ይጠሩሃል።"

ትከሻዬን በትከሻቸው ገጭ አደረጉና ተለዩኝ። አንድ ባጃጅ አሳልፈው አስፋልቱን ተሻገሩ። ከማዶ፣ ማንጎ የምትሸጥ ሴት ሰላም ልትላቸው ብድግ አለች፤ ሳይቆሙ እጃቸውን ልባቸው ላይ አድርገው አጸፋውን መለሱና፣ ጀለቢያቸው በነፋስ እየተነፋ፣ ፈጠን ፈጠን እያሉ ወደ መኪናው ሄዱ።